መሪው ይደርሳል

ባጃጅ ለመንዳት ድሮ መሪ መልመድ ይቀድም ነበር። ባዶ ሜዳ ተፈልጎ፣ ማርሽ ተለይቶ፣ ፍሬን ተሞክሮ። ስንት ጊዜ ባክኗል! ዕድሜ ለሐዋሳ ልጆች፣ አሁን ዘዴው ተሻሽሏል። መጀመሪያ የሚለመደው ድፍረቱ ነው። መሪው ቀስ ብሎ ይደርሳል። ሜዳ ፍለጋም ቀርቷል። ከፒያሳ እስከ አቶቴ ያለው አስፋልት ምን አነሰው? ተሳፋሪም አለበት።

መቼም ያላጋጠመው የለም። ሰሞኑን የተሳፈርኩባት ባጃጅ የፊት ወንበር ላይ ሁለት ልጆች ነበሩ። አንዱ ሹፌር፣ አንዱ ተማሪ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ግን ከኋላ የተቀመጥነው እስክንወርድ ድረስ አልተስማማንም።

አሠራሩ ያስቀናል። ባጃጅ ላይ ፍሪሲዮኑና ማርሹ በግራ እጅ ነው። ነዳጁ በቀኝ እጅ፣ ፍሬኑ በቀኝ እግር። ልጆቹ ይህን እንደ ውርስ መሬት ተካፍለውታል። ግራው ለተማሪው፣ ቀኙ ለባለሙያው። አንዱ ማርሽ ሲያስገባ ሌላው ነዳጅ ይሰጣል። ሲስማሙ ማለቴ ነው። ካልተስማሙ ባጃጇ ትንገጫገጫለች፣ አንዴ ትዘላለች፣ ከዚያ ትጠፋለች። "ወራጅ አለ" ሲባል ጉዳዩ ለውይይት ይቀርባል። ባለ ቀኙ ፍሬን ለመያዝ ያስባል። ባለ ግራው ገና ሦስተኛ ማርሽ እየፈለገ ነው። የሴትዮዋ ቤት አለፈ። ከቤቷ ቀጥሎ ያለው ሱቅ አለፈ። "አይዞሽ ማዘር፣ እንመልስሻለን" አሏት። አደባባዩ ጋ ስንደርስ ግራው መውጣት ፈለገ፣ ቀኙ መዞር። ዞርን። እንደገና ዞርን። ሦስተኛው ዙር ላይ ተሳፋሪዎቹ የቤተሰብ ጤንነት መጠያየቅ ጀመርን።

ይህን ያየ ሰው ሥራ አጥነት ለምን እንደሚወራ አይገባውም። በአንድ መሪ ሁለት ሰው ከተቀጠረ ክላክሱም የራሱ ሰው ይገባዋል። ስልክ የሚያነሳ አንድ ይጨመር። ሙዚቃ የሚቀይር አንድ፣ እሱ የግድ ነው። ፍሬቻ አያስፈልግም። በሚታጠፉበት በኩል እግሩን ወደ ውጭ የሚዘረጋ ልጅ ይበቃል። ስፖኪዮ የሚያይ ሰው ግን እስካሁን አልተገኘም፤ የሥራ መደቡ ክፍት ነው። መልስ የሚሰጥም ይፈለግ ነበር፣ ዝርዝር ቢኖር ኖሮ።

እኔ አብልጬ የማደንቀው ኩርባ ላይ ያላቸውን ልብ ነው። ሞተር ሳይክል ወደሚታጠፍበት ያጋድላል። ባጃጅ አያጋድልም። መሪው ሲዞር አካሉና የጫነው ሰው ወደ ውጭ ይገፋል። ፊት ያለው ጎማ ደግሞ አንድ ብቻ ነው። ኩርባው መሃል ላይ ፍሬን ከተያዘ ክብደቱ ጎማ ወደሌለበት ወደ ፊተኛው ጥግ ይሄዳል፤ በሚታጠፍበት በኩል ያለው የኋላ ጎማ ከመሬት ይነሳል። ነባሮቹ ሹፌሮች ይህን ስለሚያውቁ መንገዱ ቀጥ ባለበት ፍጥነት ይቀንሱና ኋላ ቀስ ብለው ይዞራሉ። ፈሪዎች! የእኛ ጀግና ኩርባ ሲያይ ነዳጅ ይጨምራል። ፍሬኑ ትዝ የሚለው መሃል ላይ ነው። ጉድጓድ ሲያገኝም እንደ መኪና በጎማዎቹ መሃል ሊያሳልፈው ይሞክራል። መሃል ላይ ሌላ ጎማ እንዳለ የሚነገረው ለእኛ ነው፣ ጭንቅላታችን የጣሪያውን ብረት ሲመታ።

አሁን ሳልቀልድ ልናገር። ከጎኔ ሕፃን ያቀፈች እናት ነበረች። ስንታጠፍ በአንድ እጇ ልጇን፣ በሌላው ብረቱን ይዛ ዓይኗን ጨፈነች። በር በሌለው ወንበር ላይ! ይህች ሴት ብር የከፈለችው ቤቷ ለመድረስ ነው። ሰው መንዳት እንዲለማመድባት አይደለም። መማር ነውር የለውም። እሁድ በጠዋት ባዶ ባጃጅ ይዞ፣ ባዶ ቦታ ላይ፣ መዞርና መቆም እስኪሰለቸው ይማር። ሰው ጭኖ መማር ግን በሰው ነፍስ መቀለድ ነው። ማታ ገቢው እስከገባለት ድረስ መሪው በማን እጅ እንደዋለ የማይጠይቀው ባለንብረትም ከደሙ ንጹሕ አይደለም።

ይቅርታ፣ ወደ ምስጋናው ልመለስ። ተሳፋሪውም ምስጋና ይገባዋል። ብስክሌት የሚነዳ ልጅ ለትንሽ ሲተርፍ፣ ከኋላ ያለው አባት "አይዞህ፣ ይለመዳል" ይላል። ለብስክሌተኛው እንዳይመስላችሁ፤ ለሹፌሩ ነው። "ቀስ በል" ያለች ልጅ ደግሞ "ከቸኮልሽ ኮንትራት አትይዢም?" ተባለች። ነገሩ እንዴት እንደተያያዘ እስካሁን እያሰብኩ ነው። ሁላችንም ግን ሳቅንላቸው።

ተማሪው በሚቀጥለው ሳምንት ራሱ አስተማሪ ይሆናል። የግራውን ግማሽ ለአዲሱ ልጅ ለቆ ወደ ቀኙ ይሻገራል። የቀኙን መቼ ተማረ አትበሉኛ። ሲሻገር ይማረዋል። ባጃጅ ተራ ስትደርሱ ፊት ወንበር ላይ ሁለት ሰው ካያችሁ "ሙሉ ነው?" ብላችሁ አትጠይቁ። ለሦስተኛው ተማሪ ቦታ አለ።