የአንድ ጠዋት ደም ስለ ልጅ እድገት አይናገርም

በላብራቶሪ ሙያ የምተዳደር የባሕር ዳር ነዋሪ ነኝ፤ ይህን የምጽፈው በአንዲት ጎረቤቴ እጅ ያየሁት የውጤት ወረቀት እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው። ዘጠኝ ዓመት የሞላው ልጇ በትምህርት ቤት ሰልፍ ሁልጊዜ ከፊት ስለሚቆም «ቁመቱ አልመዘዝ አለ» ብላ ወደ አንድ ላብራቶሪ ወስዳው ኖሯል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ከተወሰደው ደም የተለካው የእድገት ሆርሞን ከዜሮ ብዙም ያልራቀ ሆነና «ሆርሞኑ የለውም» ተብላ እያለቀሰች ተመለሰች።

እንዲህ ልትባል አይገባም ነበር። የእድገት ሆርሞን ከአንጎል ሥር ካለችው ፒቱታሪ ዕጢ የሚወጣው ቀኑን ሙሉ በእኩል መጠን ሳይሆን በየጊዜው እየገነፈለ ነው፤ የሚበዛውም ሌሊት፣ ልጁ ከባድ እንቅልፍ ሲወስደው ነው። ደም ውስጥ ከገባም በኋላ በ20 ደቂቃ ገደማ ግማሹ ይጠፋል። ስለዚህ ፍጹም ጤነኛ የሆነ ልጅ ቀን ላይ ሲለካ ሆርሞኑ እንደሌለ ሊመስል ይችላል። ውኃው ወደ ኃይል ማመንጫው በተመራበት ሰዓት ጢስ ዓባይን አይቶ «ዓባይ ደርቋል» ብሎ እንደ መመለስ ነው።

ከዚህ የሚሻለው የደም ምርመራ ጉበት በእድገት ሆርሞኑ ትእዛዝ የሚሠራውን አይ ጂ ኤፍ ዋን የተባለ ሌላ ሆርሞን የሚለካው ነው፤ መጠኑ ከሰዓት ሰዓት እምብዛም አይዋዥቅም። ይሁን እንጂ በእኛ አካባቢ ይህም ብርቱ ጥንቃቄ ይሻል። በ2016 እ.ኤ.አ. የተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ በአማራ ክልል ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 46 በመቶ ያህሉ የቀነጨሩ መሆናቸውን አሳይቷል። በቂ ምግብ ያላገኘ ልጅ ጉበቱ የሆርሞኑን ትእዛዝ ስለማይሰማ፣ ሆርሞኑ ሞልቶ እያለ አይ ጂ ኤፍ ዋን ዝቅ ይላል። ይህን ሳያገናዝብ ውጤቱን የሚያነብ ባለሙያ እንቁላልና ወተት ለሚያስፈልገው ልጅ ውድ መርፌ ሊያዝ ነው። በተቃራኒው ደግሞ ያጠረውን ልጅ ሁሉ «መቀንጨር ነው» ብሎ መሸኘት ሆርሞኑ በእርግጥ የጎደለውን ልጅ የሕክምና ዕድሜውን ያሳልፍበታል።

ጎረቤቴን «ለክተሽው ታውቂያለሽ?» ብዬ ጠየቅኋት። ወደ ጓዳው በር ወሰደችኝ፤ በየእንቁጣጣሹ ልጁን መቃኑ ላይ አስደግፋ በቢላዋ ጭራለታለች። በሜትር ስንለካው የመጨረሻዎቹ ሁለት ጭረቶች ከአምስት ሴንቲ ሜትር በላይ ይራራቃሉ፤ በዚህ ዕድሜ ከጤነኛ ልጅ የሚጠበቀውም ይኸው ነው። ያ መቃን ከላብራቶሪው ወረቀት የበለጠ እውነት ይዟል። በኋላ ያየው የሕፃናት ሐኪም የታይሮይድ ምርመራና የግራ እጅ ራጅ አዘዘለት፤ አጥንቱ ከዕድሜው ሁለት ዓመት ያህል ወደ ኋላ የቀረ፣ እንደ አባቱ ዘግይቶ የሚመዘዝ ልጅ ሆኖ ተገኘ።

የልጁ እድገት በእርግጥ የቆመ ቢሆን ኖሮ ተገቢው ምርመራ ሌላ ነበር፦ በባዶ ሆድ፣ ዕጢዋን የሚቀሰቅስ መድኃኒት ተሰጥቶ፣ የደም ግፊቱና የስኳር መጠኑ እየታየ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ደም ይወሰዳል። ሆርሞኑ ይበዛል ተብሎ ሲጠረጠር ነገሩ ይገለበጣል። ቀለበቱ አልወልቅ ያለው፣ የጫማ ቁጥሩ ከ41 ወደ 43 የሄደ አዋቂ በመጀመሪያ አይ ጂ ኤፍ ዋን ይታይለታል፤ ከዚያ 75 ግራም ግሉኮስ ጠጥቶ ለሁለት ሰዓት ደሙ ይመረመራል። በጤነኛ ሰው ስኳሩ ሆርሞኑን ያወርደዋል፤ በፒቱታሪው ላይ እብጠት ባለበት ሰው ግን አይወርድም።

ይህ ሁሉ የሚጠይቀው አንድ አልጋ፣ ሰዓት የምትቆጣጠር ነርስና ናሙናውን በአግባቡ የሚይዝ ላብራቶሪ ነው፤ የከተማችን ሆስፒታሎች ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ጊዮን ለዚህ ቋሚ ቀን ቢመድቡ ከዘጌና ከደልጊ በጀልባ የሚመጣው ወላጅ መቼ እንደሚመጣ ያውቃል። እኛ የላብራቶሪ ባለሙያዎች ደግሞ ቢያንስ በስድስት ወር ልዩነት የተለኩ ሁለት ቁመቶች ያልተጻፉበትን የእድገት ሆርሞን ትእዛዝ ተቀብለን መርፌ ከማንሳታችን በፊት ያዘዘውን ሐኪም እንጠይቅ፤ ሐኪም ሳያየው የመጣውንም ልጅ ገንዘቡን ሳንቀበል ወደ ሐኪም እንላከው።