የሚሄዱት ድንጋዮች ምስጢር እኮ ተፈቷል
በካሊፎርኒያው ዴዝ ቫሊ በረሃ በራሳቸው የሚሄዱ ስለሚመስሉት ድንጋዮች የወጣው ጽሑፍ «እንዴት እንደሚንቀሳቀሱ እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም» ይላል፤ ይህ አባባል ግን ጊዜው አልፎበታል። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ኖሪስና ዘመዱ ጄምስ ኖሪስ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2011 ጂፒኤስ (የቦታ መጠቆሚያ መሣሪያ) የተገጠመላቸው 15 ድንጋዮች እዚያው ዴዝ ቫሊ ውስጥ ሬስትራክ ፕላያ በተባለው ደረቅ የሐይቅ ወለል ላይ አስቀመጡ። የቦታውን ድንጋዮች መንካት ስላልተፈቀደላቸው ከውጭ ነው ያመጧቸው። ከዚያ መጠበቅ። በዲሴምበር 2013 ሲመለሱ ወለሉ ላይ ውኃ ተኝቶ አገኙት፤ ድንጋዮቹም ዓይናቸው እያየ ተንቀሳቀሱ! ነገሩ እንዲህ ነው፦ ጥልቀት የሌለው ውኃ ሌሊት ላዩ በስሱ በረዶ ይሆናል። በረዶው ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ብቻ ነው፣ ልክ እንደ መስኮት መስታወት። ረፋዱ ላይ ፀሐይ ስታሞቀው ይሰነጣጠቃል፣ ቀለል ያለ ነፋስ ሰፋፊውን ስባሪ ይገፋዋል፣ ስባሪው ደግሞ ድንጋዩን በለስላሳው ጭቃ ላይ እየገፋ ይወስደዋል። ፍጥነቱ በደቂቃ ከ2 እስከ 5 ሜትር ቢሆን ነው። ከሩቅ ለቆመ ሰው ምንም የሚንቀሳቀስ አይመስልም፤ ጭቃው ላይ የሚቀረውንም መስመር ውኃው ይሸፍነዋል። ለዚህ ነው ያን ሁሉ ዓመት ማንም ሳያይ የቀረው። በጽሑፉ አስተያየት ላይ የሚያንቀሳቅሳቸው «ማግኔት ነው» ላልከው ወንድሜ፣ ብዙዎቹ ድንጋዮች ዶሎማይት የተባለ የድንጋይ ዓይነት ናቸው፣ ማግኔት አይስባቸውም። የጥናቱ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2014 ታትሞ ወጥቷል። እባካችሁ ጽሑፉን አርሙት፤ እውነተኛው ታሪክ ከምስጢሩ በላይ ያስደንቃል።