ላስት ኔም የሚሉት ነገር የዘር ሐረጋችንን እየበላው ነው

አዲስ አፕ ባወረድኩ ቁጥር የምበሳጭበት ቦታ አንድ ነው። ገና ሳልጀምር ሁለት ሳጥን ይደቀንብኛል፤ ፈርስት ኔም፣ ላስት ኔም። የመጀመሪያው ላይ ስሜን እጽፋለሁ። ሁለተኛው ላይ ማንን ልጻፍ? አባቴን ከጻፍኩ መታወቂያዬ ላይ ሦስት ስም ስላለ «አይመሳሰልም» ይለኛል። አያቴን ከጻፍኩ አባቴ የለም ማለት ነው። የውጭ ድርጅት ቢሆን እሺ፣ አያውቁንም እንላለን። ግን እዚሁ አዲስ አበባ ለእኛው ሰው የተሠራ የክፍያ አፕም እንዲሁ ነው የሚጠይቀኝ። የሠራው ልጅ የራሱ መታወቂያ ላይ ስንት ስም እንዳለ ያውቃል እኮ! ለምን «ሙሉ ስም» የሚል አንድ ሰፊ ሳጥን አይከፍትልንም?

ነገሩ እዚያው ስልኩ ላይ ቢያልቅ ዝም ባልኩ ነበር። ግን ትውልድ እያጠፋ ነው።

አበበ ከበደ ተሰማ የሚባል ሰው አሜሪካ ገባ እንበል። ፓስፖርት ላይ የቤተሰብ ስም ተብሎ የሚገባው ብዙ ጊዜ የአያት ስም ነው። ስለዚህ እዚያ ሚስተር ተሰማ ሆነ። ልጅ ወለደና ሳራ አላት። የልደት ወረቀት ሲሞላ የአባትየው ላስት ኔም ቀጥታ ወደ ልጅቷ ዞረ፤ ሳራ ተሰማ ሆነች። አገር ቤት ብትወለድ ሳራ አበበ ከበደ ነበረች። አሁን ስሟን የሰማ ሐበሻ ሁሉ የተሰማ ልጅ ናት ብሎ ያስባል፤ ተሰማ ግን ቅድመ አያቷ ነው። አባቷም አያቷም ከመሀል ወጥተዋል። የአበበ ወንድም ፍቃዱ ደግሞ አገር ቤት የወለዳቸው ልጆች እገሌ ፍቃዱ ከበደ እየተባሉ ነው የሚያድጉት። የወንድማማች ልጆች ሆነው በወረቀት ላይ የሚያገናኛቸው አንድ ስም እንኳ የላቸውም። የልጅ ልጆቻቸው አንድ ቀን ቢገናኙ በምን ይተዋወቃሉ?

ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ዘንድ ዘር መቁጠር ሥራ ነበረው። ሊጋቡ ያሰቡ ሰዎች እስከ ሰባት ቤት ይቆጠርላቸዋል፤ አባት፣ አያት፣ ቅድመ አያት፣ ቅም አያት፣ ምንዝላት እየተባለ። የሰሜኑ ገበሬም እስከ 1967ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ ርስት የሚጠይቀው ትውልዱን ቆጥሮ፣ መሬቱን እስካቀናው አባት ደርሶ ነው። ቤተ እስራኤላውያንም ሰባት ቤት ይቆጥራሉ። በ1977 እና በ1983 ዓ.ም በሁለቱ ትልልቅ ዘመቻዎች እስራኤል ሲገቡ ግን የቤተሰብ ስም የግድ ስለነበር የብዙዎቹ አባት ወይም አያት ስም እዚያው ላይ ተቸንክሮ ቀረ። ብዙ ልጆችም ላይ የዕብራይስጥ ስም ተጨመረ። ሽማግሌዎቹ ሲያልፉ ቆጠራውን የሚያውቅ ማን ይቀራል?

የእናቶቹ ጣጣ ደግሞ ሌላ ነው። እኛ አገር ሴት ስታገባ የአባቷን ስም ይዛ ነው የምትኖረው፣ ደግሞም ደስ የሚል ወግ ነው። ልጇን ይዛ ድንበር ስትሻገር ግን የሁለቱ ላስት ኔም አይገጥምምና በእርግጥ ልጅሽ ነው ወይ ተብላ ትጠየቃለች። ይሄ ያናድደኛል።

ስማቸው በሁለት ቃል የሚጻፍ ሰዎችንም እዩ። ወልደ ማርያም የሚለው መሀሉ ላይ ክፍት ቦታ ስላለው ኮምፒውተሩ ለሁለት ይሰነጥቀዋል፤ ሰውየው ወልደ ብቻ ሆኖ ይቀራል፣ ማርያም መሀል ስም ትሆናለች። የውጭ ስፖርት ጋዜጦችም ለዓመታት «ዲባባ አሸነፈች» ሲሉ ኖረዋል። ዲባባ እኮ አባትየው ናቸው! እጅጋየሁ ትሁን ጥሩነሽ ወይስ ገንዘቤ፣ በዚያ ስም ብቻ አይለይም።

በፊደላችን ብንጽፈውም ፍለጋው አያግዝም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች የዓለምን ፊደላት የሚያውቁበት የጋራ መለያ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ ትልቅ ድል ነበር። ሆኖም ለማሽኑ ኃይሉ፣ ሃይሉ፣ ሐይሉ እና ሀይሉ አራት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ፍለጋው ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውን ፊደላት እንደ አንድ እንዲያይ ማድረግ ለፕሮግራመር ከባድ ሥራ አይደለም፣ ግን ብዙ አፕ ላይ የለም። የድሮ ዘመድ ስም የሚፈልግ ሰው ፊደል እየቀያየረ ሲታክት ይውላል።

ውጭ አገር ልጅ የምትጠብቁ ወላጆችን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ብዙ የአሜሪካ ግዛቶች የልጁን ላስት ኔም ወላጅ እንዲመርጥ ይፈቅዳሉ፤ የግድ የአባትየው ይሁን አይሉም። አበበን መሀል፣ ከበደን መጨረሻ አድርጎ ሳራ አበበ ከበደ ብሎ ማስመዝገብ ይቻላል። የምትኖሩበት ቦታ ሕግ ምን እንደሚል ከመውለዳችሁ በፊት ጠይቁ፣ ተነጋገሩና ወስኑ። ወረቀቱ የሚመጣው እናትየው ደክማ አባትየው እንቅልፍ አጥቶ እያለ ነው፤ በኋላ ልቀይር ካላችሁ ደግሞ ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት ያስኬዳል።