የደሴ ልጅና የሜሪላንድ ልጅ

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ልጁን አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ያስገባ ሐበሻ፣ ይዋል ይደር እንጂ ከአስተማሪ አንድ መልእክት ይደርሰዋል። «ልጅዎ ምሳዋን ለጓደኞቿ እያካፈለች ስለሆነ እባክዎ ይንገሯት» የሚል። ለእኔም ደርሶኛል። ጥፋቷ ምን መሰላችሁ? አጠገቧ የተቀመጠችውን ልጅ ፍርፍር አጉርሳለች። ደሴ ቢሆን «ጎሽ የኔ ልጅ፣ እደጊ!» ተብላ ትመረቅ ነበር።

ሕጉ ግን ልክ ነው። ለውዝ የማይስማማው፣ ትንሽ ከቀመሰ ትንፋሽ የሚያጥረው ልጅ ክፍል ውስጥ ሊኖር ይችላል። ብዙ ትምህርት ቤቶች ምግብ መካፈልን የሚከለክሉት ለዚህ ነው። ነገርኳት፣ ገባት። «አታጉርሺ» የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣ ብሎ የተቸገርኩት እኔው ነኝ።

እዚያ አገር ጠባይ ራሱን የቻለ ትምህርት ነው። እ.ኤ.አ. በ1994 የተቋቋመ ካዝል የሚባል ድርጅት አለ፤ ማኅበራዊና ስሜታዊ የሚሉትን ትምህርት በየትምህርት ቤቱ ሲያስፋፋ የኖረ ነው። አምስት ነገር ይቆጥራሉ፦ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ስሜት መረዳት፣ ከሰው ጋር መግባባት፣ አስቦ መወሰን። መጀመሪያ ሳነበው ሳቄ መጣ። የወሎ እናት ይሄን ሁሉ ጀበናው እስኪፈላ ትጨርሰው የለ?

ክፍል ገብቼ ሳየው ግን ቀልድ አልሆነብኝም። ጠዋት ልጆቹ ምንጣፍ ላይ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። እያንዳንዱ ወደ ጎኑ ዞሮ፣ ጓደኛውን በስሙ ጠርቶ፣ ዓይን ዓይኑን እያየ ደህና አደርክ ይላል። ከዚያ አንዱ ትናንት ያደረገውን ያወራል፤ ሌሎቹ ይጠይቁታል። የዚያን ቀን አንዱ ልጅ ለጓደኛው «ትናንት ተራዬን ስትወስድብኝ ተናድጄ ነበር» አለው። በቃ። አልጮኸ፣ አልተማታ፣ ለአስተማሪ አላሳበቀ። ያኛው ትንሽ አቀርቅሮ ቆየና ይቅርታ ጠየቀው። ሰባት ዓመት ቢሆናቸው ነው። እኛ በዚያ ዕድሜ ያለን ምርጫ ቡጢ ነበር፤ ካልሆነም ኩርፊያ።

የኔዋ ልጅ የተቸገረችው ሰላምታው ላይ ነው። አስተማሪዋ «ሳናግራት አታየኝም፤ ቤት ውስጥ የሚያስጨንቃት ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። ምን ይኖራል! ትልቅ ሰው ሲያናግራት አንገቷን ሰበር እንድታደርግ ያስተማረቻት እናቷ ናት። አስረዳኋት፤ አስተማሪዋም ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

ወደ ደሴ ልምጣ። ሰኞ ገበያ አካባቢ ዘመድ ቤት ነበር ያረፍኩት። በቤቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አለች፤ ቡና ሲቆላ ተላኪዋ እሷ ናት። በር አንኳኩታ «ቡና ጠጡ» ብላ የምትሮጥ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ እንዴት ዋሉ ትላለች። የታመመ ካለ ትጠይቃለች። መልእክቱ ከዚያ በኋላ ነው። ተመልሳ ደግሞ ማን እንደሚመጣ፣ ማን እንደቀረና ለምን እንደቀረ ለእናቷ ትነግራለች። አንዷ ጎረቤት ሶላት ላይ ከሆኑ እስኪጨርሱ በር ላይ ቆማ ትጠብቃለች። ይሄን ሁሉ ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማራትም።

የወሎ ድግስ ደግሞ ሌላ ነው። ለሙስሊሙ በሙስሊም፣ ለክርስቲያኑ በክርስቲያን የታረደ ለየብቻ ይሠራል፤ ድስቱም ጭልፋውም አይነካካም። ወጥ የምታመላልሰው ልጅ የትኛው ሳህን ለማን እንደሚቀርብ ታውቃለች። እንግዳውን «እርስዎ ከየትኛው ነዎት?» ብላ አታሳፍርም። በረመዳን ጾመኛ ጓደኛዋ ፊት ቆሎ አትቆረጥምም። ሁዳዴ ሲገባ ደግሞ ጓደኛዋ በተራዋ ትጠነቀቅላታለች። ለዚህች ልጅ «ለውዝ የማይስማማው ጓደኛ አለሽ» ብትሏት ምን ማድረግ እንዳለባት አትጠይቃችሁም።

እንዲህ ስል ወሎ ጎደሎ የላትም ማለቴ አይደለም። የዚህችኑ ልጅ ደብተር ገለጥኩ። ግብረ ገብ ይላል። በንጉሡ ዘመን የነበረው ትምህርት በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ለታችኞቹ ክፍሎች ተመልሷል። ደስ ይላል። ደብተሩ ላይ ያለው ግን «መከባበር ማለት ምን ማለት ነው? የመከባበርን ጥቅሞች ዘርዝሩ» ነው። ሀ፣ ለ፣ ሐ እያለች ሸምድዳዋለች። ቤቷ በእጇ በእግሯ የምትሠራውን ነገር ትምህርት ቤት ለፈተና ታጠናዋለች! ሜሪላንድ ጎረቤት ስለሌለ ትምህርት ቤቱ የጎረቤቱን ሥራ ይሠራል። ደሴ ግን ልጁን የሚያለማምደው ጎረቤቱ ነው፤ ትምህርት ቤቱ ትርጉም ያስጽፋል።

ጎረቤቱም ቢሆን እንደ ድሮው አይደለም። በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ ስንቱ ሰፈሩን ለቆ ወጥቷል። አንዳንድ ቤት አሁን ቡና የሚጠራው በስልክ ነው። ልጅ የማይላክበት ቤት ያቺን «እንዴት ዋሉ» ከየት ይማራታል?

ሌላም አለ። ልጅቷን «ክፍል ውስጥ ያልገባሽ ነገር ሲኖር ምን ትያለሽ?» አልኳት።

«ዝም እላለሁ።»

«ለምን?»

«ይስቁብኛላ! ቲቸርም ይቆጣል።»

እንግዳ ስትቀበል እንደዚያ አፏ የሚፈታ ልጅ፣ ነገሩ የራሷ ሲሆን አፏ ይያዛል። ለሌላው መናገር ተምራለች፤ ለራሷ መናገር ግን እንደ ድፍረት ይቆጠራል። አንድ ትልቅ ሰው የማይሆን ነገር ቢያደርግባትስ እምቢ የምትለው በየትኛው አፏ ነው? እኔን ያስፈራኝ ይሄ ነው። ጨዋነታችን ውስጥ ዝምታው በዝቷል።

ዱላም እጁ አለበት። በነገራችን ላይ በሕግ በኩል እንኳ እኛ እንቀድማለን። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ የመሆን መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1977 ተማሪን መግረፍ ሕገ መንግሥቱን አይጥስም ብሎ ወስኗል፤ ዛሬም የማይከለክሉ ስቴቶች አሉ። እኛ ጋ ሕጉ ወረቀት ላይ ተቀምጧል፣ አለንጋውም ቦታውን አለቀቀም።

ልመለስ ጥቂት ቀን ሲቀረኝ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ከምታስተምር አንዲት መምህርት ጋር ቡና ጠጣን። የሜሪላንዱን ክብ ነገርኳት። «ምንጣፉን ተወውና ክቡን የት ልሥራው?» አለችኝ እየሳቀች። ክፍሏ ውስጥ ስልሳ የሚጠጉ ተማሪዎች አሉ፤ አንድ ዴስክ ላይ ሦስት አራት ሆነው ነው የሚቀመጡት። ከሰዓት ደግሞ ሌላ ፈረቃ ይገባበታል። ያም ሆኖ የራሷን ዘዴ አበጅታለች። በየጠዋቱ ሁለት ተማሪ ሰሌዳው ፊት ይቆምና ትናንት የገጠመውን ያወራል፤ ሌሎቹ የግድ አንድ ጥያቄ ይጠይቃሉ። ሳቅ ክልክል ነው። ተራው ዞሮ እስኪደርስ ወር ተኩል ገደማ ይፈጃል። መጀመሪያ ላይ ቆመው ጣሪያ ጣሪያ የሚያዩት ልጆች፣ ሁለተኛ ተራቸው ሲደርስ «ቲቸር ዛሬ እኔ ነኝ» እያሉ ይሻማሉ አለችኝ።

«ወላጆችስ ምን አሉ?» አልኳት።

«አንድ አባት መጥተው ጠይቀውኛል» አለች። «ይሄ ነገር ከስንት ነው የሚያዘው?»