ማንበብ ሳይችሉ የጠረዙት የድንጋይ መጽሐፍ

ቅጠሉ የተበታተነ አንድ ዳዊት አለ እንበል። ፊደል ያልቆጠረ ሰው ቅጠሎቹን ለቃቀመና ጠርዙን አስተካክሎ ጥርዝ አድርጎ ሰፋው። ከውጭ ሲያዩት ደህና መጽሐፍ ነው። ሲገልጡት ግን ከመዝሙር 3 ቀጥሎ የሚመጣው መዝሙር 90 ነው።

ሆንዱራስ ውስጥ ኮፓን በምትባለው፣ የመካከለኛው አሜሪካ ነባር ሕዝብ የሆኑት ማያዎች በሠሯት ጥንታዊት ከተማ የሆነው ይኸው ነው። እዚያ ሊቃውንቱ «ቤተ መቅደስ 26» የሚሉት ፒራሚድ አለ። ፊቱ ላይ ሽቅብ የሚወጣ ሰፊ ደረጃ ተሠርቶለታል። ከ60 በላይ እርከኖች አሉት፣ እርከኖቹ ላይ ደግሞ ወደ 2,200 የሚጠጉ የሥዕል ፊደላት ተቀርጸዋል። ከማያ ጽሑፎች ሁሉ እስካሁን የተገኘው ረጅሙ ይኼ ነው። የሚተርከው የኮፓን ነገሥታትን ታሪክ ነው።

ከጀርባው ውርደት አለ። በ738 (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) የኮፓንን 13ኛ ንጉሥ የኪሪጓ ገዥ ማረከውና አንገቱን ቆረጠው። ኪሪጓ እኮ የኮፓን ገባር ነበረች! ሟቹ የጀመረውን ደረጃ በ750ዎቹ ከፍ አድርጎ ያስጨረሰው 15ኛው ንጉሥ ነው። ሰው ሲሸነፍ የአያቶቹን ስም መደርደር ያበዛል።

ከተማዋ ከተተወች በኋላ ፒራሚዱ ላይ ዛፍ በቀለ፣ ደረጃውም ተናደ። በ1890ዎቹ የሃርቫርዱ ፒቦዲ ሙዚየም ቆፋሪዎች ሲደርሱ በቦታቸው የቀሩት ከግርጌ ያሉት ጥቂት እርከኖች ነበሩ። ከላይ አንድ ክፍል ደግሞ እንደተያያዘ ተንሸራቶ ወርዷል። የቀረው ዝም ብሎ የድንጋይ ክምር ነው። በ1930ዎቹ የአሜሪካው የካርኔጊ የምርምር ተቋም ሰዎች ክምሩን አንድ በአንድ አንስተው እንደገና ደረደሩት። ያኔ ከማያ ጽሑፍ በደንብ የሚነበበው ቁጥሩና የቀን አቆጣጠሩ ብቻ ነበር። ፊደሉ በድምፅ እንደሚነበብ የሶቪየቱ የቋንቋ ሊቅ ዩሪ ክኖሮዞቭ ያሳየው በ1952 ነው። ስለዚህ ክምሩን የደረደሩት ሳያነቡት ነው፤ ግርጌው ታሪክ ይናገራል፣ ወደ ላይ ሲወጡ ግን ዐረፍተ ነገሩ ይበጣጠሳል።

ሰዎቹን አልወቅስም። ያንን ሁሉ ድንጋይ ሜዳ ላይ ትተውት ቢሄዱ ዛሬ ምን ይተርፍ ነበር? የምከራከረው «ስህተት ከሆነ ይፍረስና በትክክል ይደርደር» ከሚሉት ጋር ነው። ኧረ ተዉት። የኮፓን ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ አመድ የተሠራ ለስላሳ ድንጋይ ነው። ለቀረጻ ይመቻል፣ ግን እርጥበትና ፀሐይ ሲፈራረቁበት እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ይነሳል። ከዝናብ እንዲተርፍ ከላዩ ሸራ የተወጠረለትም ለዚህ ነው። ይህን ድንጋይ ከተጣበቀበት ፈልቅቆ ማውጣት ማለት የቀሩትን ፊደላት ማርገፍ ነው። ደግሞም ብዙው ተፍቋል። ከፈረሰ በኋላ «ትክክለኛው» ቅደም ተከተል ላይ ማን ሊስማማ?

ድንጋዩን ሳይነኩ መደርደር ይቻላል። የፒቦዲ ሰዎች ደረጃውን በባለ ሦስት አውታር ስካን አንስተውታል። ኮምፒውተር ላይ አሥር ጊዜ ቢሳሳቱ አንድም ፊደል አይረግፍም።

ሜክሲኮ ውስጥ ቺቼን ኢትዛ ያለው የኩኩልካን ፒራሚድ ለእኔ የተሻለ ምሳሌ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሲጠገን ሁለት ጎኖቹ ተሠሩ፣ ሁለቱ ደግሞ ፍርስራሽ እንደሆኑ ቀሩ። ቱሪስቱ በተሠራው በኩል ፎቶ ይነሳና ውልቅ ይላል። ዞር ብሎ ጀርባውን ያየ ሰው ግን የጊዜን ሥራና የጠጋኙን ሥራ ለይቶ ያውቃል።

ኮፓንም እንዲህ ትሁን ነው የምለው። እርከኖቹ ዳር ላይ ከሩቅ የሚታይ አንድ መስመር ቢሰመር ይበቃል፤ እስከዚህ የነገሥታቱ ድርድር፣ ከዚህ ወዲያ የ1930ዎቹ።