ግማሽ ነጥብ ትኑርልን!

ለጅማ የቅጥር ኮሚቴዎች ምስጋና ሳይቀርብ እስካሁን መቆየቱ ነውር ነው። አሜሪካዊቷ ሶሲዮሎጂስት ሼሊ ኮረልና ባልደረቦቿ እናትነት ሥራ ያሳጣ እንደሆነ ለማወቅ ስንት ለፉ! እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ለ638 ቀጣሪዎች ሁለት ሁለት፣ በድምሩ 1,276 የፈጠራ ማመልከቻ ላኩ። ሁለቱ በችሎታ አይበላለጡም፤ አንዱ ላይ ብቻ አመልካቹ በወላጆችና መምህራን ማኅበር ውስጥ እንደሚሠራ ተጠቅሷል፣ ልጅ እንዳለው እንዲታወቅ። ልጅ የሌላቸው ሴቶች ከእናቶቹ 2.1 እጥፍ ተጠሩ። አባቶች ግን በልጅ የተነሣ አልተጎዱም።

ይህ ሁሉ ወረቀት ለምን? እኛ ዘንድ አንድ ጥያቄ ይበቃል። አመልካቿ ወንበሩ ላይ ሳትደላደል «እህቴ፣ ልጅ አለሽ?» ነው። «አዎ» ካለች ሐሳቧ ቤት ነው። «የለኝም» ካለች ልትወልድ ነው። ወንዱ «ሦስት አሉኝ» ሲል ግን «ኃላፊነት የሚሰማው ሰው» ይባላል።

እውነተኛው ጥበብ ግን ድምሩ ላይ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሴቷ ከወንዱ እኩል ውጤት ካመጣች ቅድሚያ ለእሷ ይላል። ያልበሰለ ኮሚቴ ለሁለቱም 82 ሰጥቶ እዚህ ጋ ይጠመዳል። የበሰለው የጽሑፉን ፈተና አይነካም፤ ወረቀት ይመሰክራል። ከቃሉ ፈተና 5 ነጥብ «አጠቃላይ ሁኔታ» ለሚባል ነገር ይመድባል፤ ምን እንደሆነ ግን አያብራራም፣ ከተብራራ ይበላሻል። ነጥቡ መጀመሪያ በእርሳስ ይሞላል፤ እስክሪብቶ የሚነሣው ድምሩ ከታየ በኋላ ነው። ለእሱ 82፣ ለእሷ 81.5። ሙሉ ነጥብ መቀነስ ስግብግብነት ነው፣ አቤቱታ ይጠራል፤ ሩብ ደግሞ ሲጠጋጋ ይጠፋል። የሦስት አባላት አማካይ ስለሆነ አንዱ ብቻ 1.5 ቢቀንስ ይበቃል፤ የሁለቱ እጅ ንጹሕ ነው።

ሦስት አባል ያልኩት በምክንያት ነው። የጅማ በርጩማም የሚቆመው በሦስት እግር ነው፣ አይነቃነቅም። ከሦስቱ አንዷ ሴት ብትሆን ይመረጣል፤ ቃለ ጉባኤ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋላ!

ከልካይ ቢመጣ ደግሞ አዋጁ ራሱ መከራከሪያ ያቀብላል፦ የወሊድ ፈቃድ ለወላዷ 30 ቀን ከወሊድ በፊት፣ 90 ቀን ከወሊድ በኋላ፤ ለአባት 3 ቀን። በአራተኛው ቀን ሕፃኑ ራሱን ይችላል መሰለኝ።

ሴት ሥራ አጣች የሚል ካለ ደግሞ የቡና መጋዘን ጎራ ይበል። ጥቁሩን፣ የተሰባበረውን፣ ነቀዝ የበላውን ፍሬ ከደህናው የሚለዩት ለቃሚዎች ሴቶች ናቸው። እዚያ «ልጅ አለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ልጁ ጀርባዋ ላይ ታዝሎ ይታያል። ሚዛኑ ጋ የቆመው ግን ወንድ ነው፤ እሱም ግማሽ ኪሎ ላይ ዓይኑ ትንሽ ይደክማል።