እርማት፦ ሁሉም «12.7» አንድ አይደለም

ሰላም ወዳጆች። የትልቅ ጠመንጃ ቀለህ ቤት ውስጥ መልሶ መሙላት ለሚጀምሩ ሰዎች የተሰጠች አንዲት ምክር እየተደጋገመች ነው። «12.7 ሚሊሜትር እስከሆነ ድረስ ቀለሁም የባሩድ ሰንጠረዡም (ቀለሁ ውስጥ ምን ያህል ባሩድ እንደሚገባ የሚያሳየው) አንድ ነው» ትላለች። በቅንነት የተባለ ይመስለኛል፤ ግን ስህተት ነው።

12.7 የሚናገረው ስለ አፈሙዙ ስፋት ብቻ ነው። ዋናው ነገር ቀጥሎ የሚመጣው ቁጥር፣ የቀለሁ ርዝመት ነው። የአሜሪካው ብራውኒንግ መትረየስ ጥይት 12.7 በ99 ነው። የሶቪየቱ፣ እኛ ድሽቃ የምንለው መትረየስ የሚጎርሰው ደግሞ 12.7 በ108። ወደ 9 ሚሊሜትር ይለያያሉ። ረጅሙ ቀለህ ሆዱም ሰፊ ነው። እና አንድ ሰው የረጅሙን የባሩድ መጠን አጭሩ ውስጥ ቢጨምር ግፊቱ ከልክ ያልፋል። መሣሪያው እጅ ላይ፣ ፊት አጠገብ ሊፈነዳ ይችላል። ዝም ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ማረጋገጡ ቀላል ነው። ባዶውን ቀለህ በካሊፐር (በትክክለኛ የርዝመት መለኪያ) ለኩት፤ 99 ወይስ 108? ቂጡ ላይ የተመታውን ጽሑፍም እዩ፤ ግን ብዙ ጊዜ ፋብሪካና ዓመት ብቻ ስለሚሆን ልኬቱን አይተካም። ከዚያ ባሩዱን የሠራው ፋብሪካ ያወጣውን ሰንጠረዥ ክፈቱ። ሁለቱም ቁጥሮች፣ ስፋቱም ርዝመቱም፣ ከእጃችሁ ቀለህ ጋር ካልገጠሙ ያ ሰንጠረዥ የእናንተ አይደለም። ምክሩን የጻፋችሁትም እባካችሁ አስተካክሉት፤ ጀማሪ አምኖ ይከተለዋል።